የፎቶ ፕሮግራም ስትቀይሩ ምን ይተርፋል፣ ምን ይቀራል?

ፎቶ ማዛወር ቀላል ነው። ፎልደሩን ኮፒ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፔስት፤ በቃ። ከባዱ በፎቶዎቹ ላይ የደከማችሁበትን ሥራ ማዛወር ነው። ፊት ላይ የጻፋችሁት ስም አለ። ኮከብ የሰጣችኋቸው ምርጦች አሉ። «የእህቴ ሠርግ»፣ «የአያታችን ተዝካር» ብላችሁ የሰበሰባችኋቸው አልበሞች አሉ። ያስተካከላችሁት ብርሃን፣ የቆረጣችሁት ጠርዝ አለ። ፕሮግራም ሲቀየር ፎቶው ተርፎ ይህ ሁሉ ሊቀር ይችላል። ሲቀር ደግሞ ድምፅ የለውም። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ አዲሱ ፕሮግራም ፎቶዎቹን ደርድሮ ያሳያችኋል፣ እናንተም ሁሉም የገባ ይመስላችኋል።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። በእኛ በጎጃም የቤተሰብ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በድንገት ነው። ሰው ያርፋል፤ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ፎቶ ቶሎ አውጡ ይባላል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ይደውላል፤ «እማማ ከነአክስቴ ጋር መርጡለ ማርያም የተነሱትን ላኩልኝ» ይላል። ስሙ ተጽፎ ከነበረ ፍለጋው ሰከንድ አይፈጅም። ስሙ ከጠፋ ግን የብዙ ዓመት ፎቶ አንድ በአንድ ማየት ነው። ከዚያም ከባዱ፣ የድሮዎቹን ሰዎች ፊት የሚያውቅ ሰው ከሌለ ስሙ ተመልሶ አይገኝም።

በማውቃቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም፣ ዛሬም ፒካሳ ተጭኖ አያለሁ። ጥሩ ፕሮግራም ነበር። ጉግል በ2004 እ.ኤ.አ. ገዝቶት በነፃ ሲያድለው ቆየ፤ በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ድጋፉን አቆመ። የተጫነው ዛሬም ይከፈታል። ግን ከዚያ ወዲህ አልታደሰም። ለምሳሌ አይፎን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበትን ሄይክ የሚባል ቅርጽ ፒካሳ አያውቀውም። ስለዚህ መቀየር ግድ ይሆናል። ከመቀየር በፊት ግን ሥራችሁ የት እንደተጻፈ ማወቅ አለባችሁ።

ጽሑፉ የት ነው ያለው?

የድሮ ወረቀት ፎቶ ጀርባውን አስቡት። «ለማስታወሻ፣ ደጀን፣ ጥር 1967 ዓ.ም» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፍበት ነበር። ፎቶው እጅ በእጅ ቢዞር ጽሑፉ አብሮት ይዞራል። አንዳንዱ ሰው ግን ፎቶውን ቁጥር ሰጥቶ ስሙን በሌላ ደብተር ይመዘግባል። ደብተሩ ከጠፋ ፎቶው ስም የለውም።

የኮምፒውተር ፎቶም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለው። አንዱ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ ነው። ኤግዚፍ የሚባለው ካሜራው ራሱ የሚጽፈው ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የካሜራ ዓይነት፣ ስልክ ከሆነ ቦታውንም ይይዛል። አይፒቲሲ በዜና ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ የመግለጫ አጻጻፍ ነው። ኤክስኤምፒ ደግሞ አዶቤ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ ስም፣ ታግ (ለፍለጋ የሚለጠፍ የመለያ ቃል)፣ ኮከብ፣ መግለጫ፣ የፊት ቦታ ሁሉ ይጻፍበታል። እነዚህን ብዙ ፕሮግራሞች ያነቧቸዋል።

ሁለተኛው ፕሮግራሙ ለራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። ዳታቤዝ ወይም ካታሎግ ይሉታል። ይህን ሌላ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አያነበውም። ፕሮግራሙን ስትተዉ መዝገቡንም ትታችሁት ትሄዳላችሁ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው፤ ከድሮው ፕሮግራም ከመውጣታችሁ በፊት በመዝገቡ ያለውን ወደ ፋይሎቹ ውስጥ አስጽፉት። ከወጣችሁ በኋላ የሚያስጽፍላችሁ የለም። ደግነቱ የድሮው ፕሮግራም እስከተከፈተ ድረስ ጊዜ አላችሁ።

ከፒካሳ መውጣት

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፣ ብዙ ሰው ያለው እዚህ ነውና።

በፒካሳ ለጄፔግ (ለተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) የጻፋችሁት መግለጫና ታግ በፋይሉ ውስጥ ነው። ያ ይተርፋል። ብርሃን ስታስተካክሉ ወይም ጠርዝ ስትቆርጡ ግን ፒካሳ ዋናውን ፎቶ አይነካም። «ይህን ፎቶ ስታሳይ እንዲህ አድርገህ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ብቻ በየፎልደሩ በተደበቀች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፎቶውን በሌላ ፕሮግራም ስትከፍቱት ያልተስተካከለው ይመጣል። ኮከብም በዚያችው በተደበቀችው ፋይል ነው ያለው።

ማስተካከያው እንዲተርፍ በፒካሳ ውስጥ ሴቭ ማለት አለባችሁ። ያኔ የተስተካከለው ፎቶ በእርግጥ ይጻፋል፤ ዋናው ደግሞ እዚያው ፎልደር ውስጥ በተደበቀ ንዑስ ፎልደር ይቀመጣል። ይህን የተደበቀ ፎልደር አትሰርዙት። ኦሪጅናሉ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ፎልደር ስታዛውሩም ፎቶዎቹን መርጣችሁ ብቻ ሳይሆን ፎልደሩን ሙሉውን ኮፒ አድርጉ፤ የተደበቀውም አብሮ እንዲሄድ።

የፊት ስም አያያዝ ትንሽ ይለያል። የመጨረሻው የፒካሳ ስሪት 3.9 ስሞቹን ከነፊቱ ቦታ ወደ ፎቶው ውስጥ የመጻፍ አማራጭ አለው። ካላዘዛችሁት በራሱ መዝገብ ይተዋቸዋል። ስለዚህ እዘዙት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ለቀቅ አድርጉለት፣ ብዙ ፎቶ ካለ ጊዜ ይወስዳል።

አልበም ከሁሉም ይበልጥ ተሰባሪ ነው። የፒካሳ አልበም በፎቶ ፎልደራችሁ ውስጥ የለም፤ ዊንዶውስ ለተጠቃሚው በመደበው ሌላ ቦታ ነው ያለው። መፍትሔው ወደ ታግ መቀየር ነው። አልበሙን ክፈቱ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ የአልበሙን ስም ታግ አድርጋችሁ ጻፉ። ኮከብ ላላቸውም እንዲሁ፤ ኮከብ ያላቸውን ብቻ አውጥታችሁ «ምርጥ» የሚል ታግ ስጧቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እውነት ነው። ግን ታግ በፋይሉ ውስጥ ስለሚጻፍ አንዴ ከተሠራ የትም ይሄዳል።

ላይትሩም የሚባለው የአዶቤ ፕሮግራም ያላችሁ ፎቶ ቤቶች ነገሩ ቀለል ይልላችኋል። ሁሉንም ፎቶ መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስ ስትጫኑ ኮከብ፣ ታግና መግለጫ ወደ ፋይሉ ይጻፋል፤ ለጥሬ የካሜራ ፋይል ደግሞ አጠገቡ በምትቀመጥ ትንሽ ፋይል። የማይጻፉት ኮሌክሽኖች፣ ማለትም የላይትሩም አልበሞች፣ ናቸው፤ የመረጣ ባንዲራዎችም ላይጻፉ ይችላሉ። እነሱንም እንደ ፒካሳው ወደ ታግ ቀይሯቸው። ያስተካከላችሁት ቀለም ግን በሌላ ፕሮግራም ያንኑ መልክ አይሰጥም፤ ለደንበኛ የሚሰጠውን በጄፔግ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ያዙ።

ጉግል ፎቶስ ላይ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ቴክአውት የሚባለው አገልግሎት አለ። ፎቶዎቹን ያወርዳል፤ እዚያ የጻፋችሁትን መግለጫና ያስተካከላችሁትን ቀን ግን በፎቶው ውስጥ አይከትም። ለየብቻ በጽሑፍ ፋይል ይሰጣችኋል። እነዚያን ፋይሎች እንደ ቆሻሻ አትጣሏቸው።

የአማርኛው ጉዳይ

ፕሮግራም ሠሪዎቹ ይህን አይነግሯችሁም፤ ምክንያቱም አይደርስባቸውም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል አሠራር፣ ገባ። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እዚህ አገር የሚጻፈው የራሳቸው አሠራር ባላቸው የግዕዝ ፎንቶች ነበር። በእነሱ የተጻፈ የፎልደር ስም ወይም መግለጫ አዲስ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይታያል። ይህን በእጅ እንደገና መጻፍ ነው፤ የድሮው ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ ቢሆን ይሻላል፣ ምን እንደሚል ለማንበብ።

በዩኒኮድ የጻፋችሁትም ሁሌ አያመልጥም። አይፒቲሲ የሚባለው የቆየ አጻጻፍ የትኛው የፊደል አሠራር እንደሆነ ካልተነገረው አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ኤክስኤምፒ ግን ምንጊዜም ዩኒኮድ ነው። አዲሱ ፕሮግራማችሁ ምርጫ ከሰጣችሁ ኤክስኤምፒን አስጽፉት።

ሌላው የራሳችን ነገር ነው። ለእኛ «ሠርግ» እና «ሰርግ» አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሁለት ታግ ነው። «ባሕር ዳር»፣ «ባህር ዳር»፣ «ባህርዳር» ሦስት ከተማ ይሆናሉ። «ደብረ ማርቆስ» ክፍተቱ ከጠፋ ሌላ ታግ ነው። በድሮው ፕሮግራም ብዙ ሰው በየራሱ አጻጻፍ ከጻፈ፣ አዲሱ ላይ ስትፈልጉ ግማሹ ሠርግ አይመጣም። ከመዛወራችሁ በፊት የታጎቹን ዝርዝር አውጡና አጻጻፉን አንድ አድርጉ። የትኛውን ብትመርጡ ግድ የለም፤ ግን አንዱን ምረጡና የምትጠቀሙበትን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጡ። የሰው ስምም ከነአባት ይጻፍ። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች አይጠፉም።

ቀንና ሰዓት

አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ፎቶ የሚደረድሩት በዋናነት በቀን ነው። ስለዚህ የቀን ስህተት ድሮ ካስቸገራችሁ ይልቅ አሁን ያስቸግራችኋል።

ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ካሜራ ግን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ ብዙ ሰው ደግሞ በአበሻ ሰዓት ይሞላዋል። ያኔ ካሜራው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። አንድ ሠርግ በስልክና በካሜራ ከተነሳ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ የተነሳው የካሜራ ፎቶ ከስልኩ ፎቶዎች ርቆ ሌላ ቦታ ይገኛል። የበለጠ የሚያደናግረው የሌሊቱ ነው። የጥምቀት ሌሊት ለአሥራ አንድ ሰዓት የተነሳ ፎቶ በዚህ ካሜራ ላይ እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት የቀረው ተብሎ ይጻፋል። ቀኑም አብሮ ይዛባና ፎቶው ከተራ ላይ ይወድቃል።

ይህ ግን የሚድን ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የፎቶን ሰዓት በጅምላ ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚገፋ መሣሪያ አላቸው። የዚያን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ በካሜራው ዓይነት ለዩና ስድስት ሰዓት ጨምሩ። የስልኩን አትንኩ።

ካሜራው ከነጭራሹ በአበሻ ቀን ከተሞላ ሥራው ይበዛል። ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም በፈረንጁ ጥር 20 ቀን 2024 ነበር። ካሜራው ግን 2016፣ አምስተኛ ወር፣ 11 ብሎ ይጽፈዋል፤ እሱ እንደሚያውቀው ይህ ግንቦት ነው። ስምንት ዓመት ብቻ ጨምሮ መገላገል አይቻልም። የእኛ ወር ጳጉሜን ሲቀር 30 ቀን ነው፤ ካሜራው አንዱን ወር 31 ሌላውን 30 እያለ ስለሚቆጥር ልዩነቱ ከወር ወር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በዓል በዓሉን፣ ሠርግ ሠርጉን ለየብቻ አስተካክሉ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የተነሳ የአገው ፈረሰኞች ፎቶ ካላችሁ ቀኑ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ዓይነቶቹን መነሻ አድርጓቸው።

የእኔ ምክር በፋይሉ ውስጥ የፈረንጁ ቀን ይኑር፣ በፎልደሩ ስም ላይ የእኛው ይኑር ነው። «2016 ዓ.ም 05 ጥር ጥምቀት ደብረ ማርቆስ» ብላችሁ ብትጽፉ በተርታ ይሰለፋል፤ «ዓ.ም» ስላለበትም ማንም ከፈረንጁ ጋር አያምታታውም። የወሩን ስም ብቻ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ያሰልፈዋል፤ ያኔ መስከረም ከሐምሌ በኋላ ይመጣል።

በቴሌግራም የመጡ ፎቶዎችን ለየብቻ ፎልደር አስቀምጧቸው። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የተነሳበት ቀንም ከውስጡ ይወጣል። ከአሁን ወዲያ ዘመድ ሲልክላችሁ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት።

የትኛውን ፕሮግራም?

ለቤት ፎቶ እኔ የምመክረው ዲጂካም ነው። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ስም፣ ታግ፣ ኮከብና የፊት ቦታ ወደ ፋይሉ ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ከፒካሳ የተጻፈውን የፊት ስምም ያነባል። ነገ እሱም ቢቀር ሥራችሁ አብሮት አይቀርም። መልኩ ቁልፍ የበዛበት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። ፊት መለየት ስትፈልጉም ተጨማሪ ትልልቅ ፋይሎችን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይዛችሁት ሂዱ።

ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ፎቶስ ለማየት ይበቃል። ለማደራጀት አልመክረውም። ጉግል ፎቶስ በፍለጋው ድንቅ ነው፤ ግን ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነፃ ቦታው ከጂሜል ጋር ተጋርቶ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። በዚያ ላይ በእኛ አካባቢ ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ሲቋረጥ አይተናል። ብቸኛው ቅጂያችሁ እዚያ ባይሆን እመርጣለሁ።

ሌላ ፕሮግራም ካያችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ የጻፍኩትን የት ነው የሚያስቀምጠው? መልሱ «በራሱ መዝገብ ብቻ» ከሆነ እለፉት።

የመዛወሩ ሥራ

መጀመሪያ ሁሉንም ፎቶ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀምጡ። ሥራው እስኪያልቅ አትሰኩት። ፋይል ውስጥ ማስጻፍ ማለት ፋይሉን መለወጥ ነው፤ የሚበላሽ ካለ የሚመለሰው ከዚያ ነው። በዴስክቶፕ ከሆነ የምትሠሩት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል። መብራት ፋይል እየተጻፈ ሳለ ከሄደ ያ ፎቶ ሊበላሽ ይችላል፤ የፕሮግራሙ መዝገብም እንዲሁ። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ካገኛችሁ በእሱ ሥሩ።

ቀጥሎ ትንሽ የሙከራ ፎልደር አዘጋጁ። ሁሉም ዓይነት ይኑርበት። የተስተካከለ ፎቶ፣ ኮከብ ያለው፣ የፊት ስም ያለው፣ የአማርኛ መግለጫ ያለው፣ ቪዲዮ፣ የስልክ ፎቶ፣ የካሜራ ፎቶ። በድሮው ፕሮግራም ሁሉንም አስጽፉ፤ ከዚያ በአዲሱ ክፈቱት። የጎደለው ምን እንደሆነ እዚህ ታያላችሁ። ሙሉውን ከማዛወራችሁ በፊት ማየቱ ብዙ ድካም ያድናል።

አዲሱ ፕሮግራም ፎቶ ሲቀበል አንድ ጥያቄ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ፎቶዎቹን ወደ ራሴ ቦታ ልገልብጥ ወይስ ባሉበት ልመዝግባቸው? ባሉበት ይሁን በሉት። ካልሆነ ሁሉም ፎቶ ድርብ ይሆንና ዲስኩ ይሞላል። ልውሰድ፣ ላንቀሳቅስ የሚል አማራጭ ካለ ደግሞ አትንኩት፤ ለዓመታት የለመዳችሁትን የፎልደር አሰላለፍ ሊያፈርሰው ይችላል።

ሙሉው ከገባ በኋላ ቁጥር አስተያዩ። ዊንዶውስ ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ስትሉ የፋይሉን ብዛት ይነግራችኋል፤ አዲሱ ፕሮግራም ከሚያሳየው ጋር ይቀራረባል? በጣም ከተራራቀ የማያውቀው የፋይል ዓይነት አለ ማለት ነው። ከዚያ የምታውቁትን ሰው ስም ፈልጉ፤ የሚመጣው ፎቶ በድሮው ፕሮግራም ከሚመጣው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ስለ መሰረዝ ተጠንቀቁ። በአንዳንዱ ፕሮግራም ዲሊት ማለት ከዝርዝሩ ማውጣት ነው፤ በሌላው ከዲስኩ ማጥፋት ነው። ላይትሩም የትኛውን እንደፈለጋችሁ ይጠይቃል፤ ሁሉም ግን አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ልጆች ኮምፒውተሩን የሚነኩ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የድሮውን ፕሮግራም ወዲያው አታጥፉት። አንድ ዓመት ይቆይ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ቦታም ብዙ አይወስድም። ማስተካከያ ግን በአዲሱ ብቻ አድርጉ፤ በሁለቱም ከሠራችሁ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ይጠፋችኋል። ኤክስተርናሉን ደግሞ ሥራው ሲያልቅ ሰክታችሁ የተስተካከለውን አዲስ ቅጂ ከድሮው ጎን ጨምሩበትና ሌላ ቤት፣ ከእህት ወይም ከወንድም ዘንድ፣ አስቀምጡት።